የመኪና ድምፅ ሲሰማ መነሳት

የያዙኝ በመጀመሪያው ትዕይንት ማብቂያ ላይ ነው። በታሪኩ መሠረት በሩ ይንኳኳል፣ መብራቱ ድርግም ይላል፣ ጥቂት ቆይቶ ሲበራ ሁለተኛው ትዕይንት ይጀምራል። በሩ ተንኳኳ፤ መብራቱም ጠፋ። ሲበራ ግን መድረኩ ላይ የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች ቆመው ነበር። አንደኛው ጃኬት ደርቧል። በአዳማ ሙቀት ጃኬት የሚደርብ ሰው ከሥሩ ምን እንደያዘ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። ተመልካቹ ግን የተውኔቱ ክፍል መስሎት አጨበጨበ። ከመጋረጃው ጀርባ ስሜን ጠርተው ሲወስዱኝ ጭብጨባው ገና አላባራም። ለሥራዬ እንዲያ የደመቀ ጭብጨባ አግኝቼ አላውቅም።

ቀን ቀን ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ከሥራ ስወጣ ደግሞ ተውኔት ከሚወዱ የከተማው ሰዎች ጋር እየተሰበሰብን፣ ሲሳካልን በዓመት አንድ ሥራ እናሳያለን። አሠራራችን የሰነፍ አሠራር ነው፤ ጽሑፍ የለንም። እኔ ታሪኩን እነግራቸዋለሁ፣ ተዋናዮቹ ቆመው ይሞክሩታል፣ ያማረውን እንይዛለን፣ ያላማረውን እንጥላለን። ሁሉ ነገር በቃል ነው። ስለዚህ ጣቢያ ደርሼ «ጽሑፉን አምጣ» ስባል የማመጣው ነገር አልነበረኝም። «የለም» አልኩ። እውነቴን ነበር፤ እነሱ ግን እንደ ደበቅኩ ቆጠሩት።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ መጋዘን እንደነበር ከቁመቱ ያስታውቃል። መስኮት የሚባለው ከጣሪያው ሥር የቀረ ክፍተት ነው፤ በሱ በኩል ከአየር ይልቅ አቧራ ይገባል። ረፋድ ላይ ቆርቆሮው መንጣጣት ሲጀምር ሰው ሁሉ ሸሚዙን አውልቆ ግድግዳ ይደገፋል። የላቡ፣ የሽንት ባልዲውና የትናንቱ ወጥ ሽታ አንድ ላይ ሆኖ የሚገባውን ሰው ይቀበላል። ከግቢው ባሻገር የጅቡቲ መንገድ ያልፋል፤ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ወለሉ ከሥራችን ይንቀጠቀጣል።

የክፍሉ ካቦ፣ ማለት የእስረኞቹ አለቃ፣ የአርሲ ነገሌ እህል ነጋዴ ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እኛም ሐጂ ብቻ ነበር የምንላቸው። ለምን እንደታሰሩ ሲጠየቁ «እነሱም ገና እያጣሩ ነው» ይላሉ። እንደገባሁ ከላይ እስከ ታች አዩኝና የተቀመጡበትን ካርቶን ጫፍ ለቀቁልኝ።

«ና ልጄ፣ እዚህ አረፍ በል። እዚህ ጥግ ቀዝቀዝ ይላል።»

ተቀመጥኩ። ግድግዳው ይፋጃል።

«ውሸቴን ነው» አሉ። «የትም አይቀዘቅዝም። ግን ሰው እንደገባ እንዲህ ሲሉት ደስ ይለዋል።»

ሃምሳን ያለፍኩ ሰው ነኝ፤ ልጄ ብሎ የሚጠራኝ ካጣሁ ቆይቻለሁ። ደስ አለኝ፤ ወዲያውም ማልቀስ አማረኝ።

የክፍሉ ወግ አዲስ ገቢ የመጣበትን ነገር እንዲያጫውት ነው። እኔ የመጣሁበት ነገር ተውኔት ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ትዕይንት አጫወትኳቸው። መብራት የጠፋበት ቤት ነው። የስልክ ባትሪ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ፣ ውሃ የሞላ የላስቲክ ጠርሙስ ተቀምጦበት፣ ቤቱ ደብዘዝ ያለ ብርሃን አግኝቷል። እራት ተከድኖ ተቀምጧል። ሚስትና የባሏ እህት ፊት ለፊት ተቀምጠው አይነጋገሩም። ከውጭ የመኪና ድምፅ ይሰማል። ሚስት ከወንበሯ ብድግ ልትል ግማሽ ትነሳለች። መኪናው ያልፋል፤ ትቀመጣለች። «ሻዩን ላሙቀው?» ትላለች እህት። «ተይው» ትላለች ሚስት። ሌላ መኪና ይመጣል፤ ትነሳለች፤ ያልፋል፤ ትቀመጣለች። የሚቀጥለው መኪና ግን በር ላይ ይቆማል። በሩ ይንኳኳል። መብራት ይጠፋል።

«ባሏ ታስሯል» አለ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ይሠራ የነበረ ወጣት። ጴንጤ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በለሆሳስ መዝሙር ያንጎራጉራል።

«የለም፣ ሞቷል» አለ ከጥግ ሌላ ሰው። «መርዶ ነጋሪዎች ናቸው።»

«ሸሽቶ ነው» አሉ ሐጂ። «ቤት ሊፈትሹ ነው የመጡት።»

«ኮሜዲ ነው» አልኳቸው።

ነገሩን አስረዳኋቸው። ባልየው አማቱን ከባቱ ሊያመጣ ሄዷል። ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው። ሞጆ ላይ ሰው ሲራገፍ አማቱ ሽንት ቤት ብለው ወረዱ፤ ሚኒባሱ ጥሏቸው ሄደ። ባልየው የነቃው አዳማ መናኸሪያ ሲደርስ ነው። ተመልሶ ሞጆ ቢሄድ አማት የሉም። አሁን ለሚስቱ ምን ይበላት? ፈርቶ የገዛ ቤቱን በር እንደ እንግዳ ያንኳኳል።

«የገዛ በሩን!» አሉ ሐጂ። «ጥፋቱን ያውቃላ! አማት ጥሎ! ያ አላህ!» እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው ክንዴን ያዙኝ። «መርማሪው ጋ ስትቀርብ ይህንኑ ንገረው። እሱም አማት አይጠፋውም። ስቆ ይለቅሃል።»

እኔም አመንኳቸው። ደክሞኝ ስለነበር የሚታመን ነገር ሁሉ ይጥመኝ ነበር።

መርማሪው ከልጄ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው። እኔ እርስዎ አልኩት፤ እሱ አንተ አለኝ። ከተመልካቹ አንዱ የመጀመሪያውን ትዕይንት በስልክ ቀርጾት ኖሯል፤ ቪዲዮውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ አብረን አየነው። ቬንትሌተሩ ሞቃቱን አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያመላልሰዋል።

«መድረኩ ለምን ጨለመ?»

«ቤቱ መብራት ጠፍቶበት ነው።»

«ያጠፋኸው አንተ ነህ። ለምን አጠፋህ?»

አስተማሪ ጥያቄ ሲጠየቅ መታገሥ አይችልም። ተማሪዎቼን እንደማስረዳ አስረዳሁት። «ተመልካች አዳራሽ ሲገባ ገላው ነው የሚገባው፤ ሐሳቡ ውጭ ይቀራል» አልኩት። «አንዱ ከባጃጅ ሹፌር ጋር ተጨቃጭቆ መጥቷል፤ ሌላዋ ልጇን አሞባታል። የመጀመሪያው ትዕይንት ሥራው ሐሳባቸውን ጎትቶ ማስገባት ነው። ይህን በንግግር ልሥራው ቢሉ አይሆንም። ‹ፈራሁ› የምትል ሴት ማንንም አታስፈራም። እራቱ እንደተከደነ ሲቀር፣ ሻዩ ሲቀዘቅዝ፣ ያኔ ነው ሰው ቤቱ ውስጥ ያለው ነገር የሚሰማው። ድባብ የምንለው እሱን ነው። ድባቡ ከተያዘ በኋላ አንድ ጥያቄ ያንጠለጥሉለታል። መልሱን ደግሞ ይደብቁታል።»

«ማለት ሰዉ እንዲፈራ ፈልገሃል።»

«አዎ።»

«መልሱንም ሆን ብለህ ደብቀሃል።»

«እስከ ሁለተኛው ትዕይንት ድረስ ነው።»

ጻፈው። ስንት ዓመት ለልጆች ያስተማርኩት ትምህርት ዓይኔ እያየ የእምነት ቃል ሆኖ ወጣ። ቸኩዬ ስለ አማትየዋ ነገርኩት፤ ሞጆን፣ ሽንት ቤቱን፣ እንቅልፉን። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ትቀልድብኛለህ?»

«ተውኔቱ ራሱ ቀልድ ነው።»

«ለቀልድ ይሄ ሁሉ ጭንቀት?»

«ሰው ተጨንቆ ሲስቅ ነው ከልቡ የሚስቀው።»

አልሳቀም። አልፈረድኩበትም። በስሌቴ ሕዝቡን ለጥቂት ደቂቃ አስጨንቄ ወዲያው በሳቅ ልፈታው ነበር፤ የሰሞኑን ነገር ግን አላሰብኩበትም። በዚያ ሰሞን የሚጠበቅ ሰው የሌለበት ቤት ማግኘት ከባድ ነበር። እኔ ያዘጋጀሁት ድባቡን ብቻ ነው፤ ታሪኩን እያንዳንዱ ከቤቱ ይዞት መጣ። መርማሪውም ጭምር።

ቪዲዮውን ወደ ኋላ መለሰና ሚስት ስትነሳ አቆመው።

«ይቺን ማን ሰጣት?»

«ምኗን?»

«መኪና ስትሰማ ተነስታ መቀመጧን። ሌላው ሁሉ ትወና ነው፤ ያስታውቃል። ይሄ ግን ትወና አይደለም።» ወደ እኔ ጠጋ አለ። «የእውነት ባሏ ቤቱ ካልገባ ብዙ ወራት እንደሆነ እናውቃለን። የማይመጣ ሰው እንዲህ አይጠበቅም። የምትጠብቀው መምጣቱን ስለምታውቅ ነው። የት እንዳለም ታውቃለች ማለት ነው።»

ከተናገረው ግማሹ እውነት ነበር። ሚስትየዋን የምትጫወተው ልብስ ሰፊ ናት፤ ያኔ የምታጠባት ሕፃን ነበረቻት፤ ልምምድ ላይ ይዛት ትመጣ ነበር። ባሏ አንድ ቀን ወጥቶ ቀረ። የት እንደሄደ አልነገረችንም፣ እኛም አልጠየቅናትም፤ የምታውቅ እንዳልሆነ ግን ከፊቷ ያስታውቅ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ልምምድ ላይ ሳለን ከውጭ መኪና ሲያልፍ ከወንበሯ ግማሽ ተነሳችና ተቀመጠች። ታሪኩ ውስጥ አልነበረም። «እሱን ያዢው» አልኳት፤ ያዘችው። ተውኔቱ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ነው ሕይወት ያገኘው። አሁን ያቺ መነሳት የእሷ መሆኗ ከታወቀ ከሕፃኗ ለይተው ያመጧታል፤ የማታውቀውን ንገሪን ይሏታል።

«እኔ ነኝ ያስጠናኋት» አልኩ።

«አንተ?»

«እኔ። አዘጋጁ ነኝ። የተዋናይ እጅና እግር የማዘው እኔ ነኝ።»

ወንበሩ ላይ ተደላደለ። «እንግዲያው አሳየኝ።»

ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ጢሙ ያደገ፣ ቀበቶው የተወሰደበት ሰው፣ ባሏን የምትጠብቅ ሴት ሆኜ ከፕላስቲክ ወንበር ልነሳ ነው። ከመንገዱ ከባድ መኪና እስኪያልፍ ጠበቅኩ። ሲያልፍ ተነሳሁ፤ እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ፣ ዓይኔን ወደ በሩ ወረወርኩ፣ ተንፍሼ ተቀመጥኩ። መርማሪው ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ ፊልም ነው» አለኝ። ትክክል ነበር። «ነገ ትመጣና ታሳየኛለህ። አለዚያ እሷን አስመጣለሁ፤ ራሷ ታሳየኛለች።»

ክፍል ስመለስ ለሐጂ ነገርኳቸው። ጨዋታው ስላልሠራ አዘኑ፤ የራሳቸው ጥፋት ያህል ተሰማቸው።

«ከእንግዲህ ዝም በል ልጄ» አሉ። «ዝም አይነቅዝም። የእህል ነጋዴ ነኝ፣ የማይነቅዝ ነገር አውቃለሁ።»

«እኔ ዝም ካልኩ እሷን ነው የሚያመጣት።»

«ሕፃን ታጠባለች ነው ያልከው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አጥና» አሉና ወደ ሰዉ ዞሩ። «መሐሉን ልቀቁለት!»

የፋርማሲው ልጅ በአፉ መኪና ሆነ፤ መጀመሪያ ሲኖትራክ፣ ቀጥሎ ሚኒባስ። እኔ መሐል ላይ በተገለበጠ የውሃ ባልዲ ላይ ተቀምጬ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። ሰው ሁሉ አዘጋጅ ሆነ። «እጅህን ተው!» ይላል አንዱ። «ቶሎ ተነሳህ!» ይላል ሌላው። «ሴት እንደዚህ አትነሳም!» «አንተ ሴት ስትነሳ የት አየህ?» ጭቅጭቁ እኔን ረስቶ ስለ ሴቶች ሆነ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። መጨረሻ ላይ አልችልም ብዬ ግድግዳው ሥር ተዘረርኩ። ሥራዬን ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደክሞኝ አያውቅም፤ የተዋናይ ሥራ ደግሞ ይህን ያህል ከባድ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት።

ሐጂ ሊያጽናኑኝ ስለ አንድ የነገሌ ሸማች ማውራት ጀመሩ። መሐል ላይ እያሉ የግቢው ትልቅ በር መቀርቀሪያ ተሳበ። የሰው ስም የሚጠራበት ሰዓት ነበር፤ ወይ ሊፈታ፣ ወይ ወደ ሌላ ቦታ ሊወሰድ። ሐጂ ንግግራቸውን ሳያቋርጡ አንድ እጃቸው ወለሉን ተደገፈ፤ ወገባቸው ከካርቶኑ ላይ ትንሽ ተነሳ። የፋርማሲው ልጅም፣ ከጥግ ያለውም። ክፍሉ በሙሉ ስንዝር ያህል ከፍ አለ። ከውጭ በኦሮምኛም በአማርኛም «ኮቱ፣ ና እዚህ!» የሚል ድምፅ ሌላ ክፍል ጋ ተሰማ፤ ለእኛ አልነበረም። ሁሉም ተመለሰ። አንዱ ሱሪውን አራገፈ፣ አንዱ ቀድሞ የጠረገውን አንገቱን እንደገና ጠረገ፣ ሐጂ የሸማቹን ወሬ ካቆሙበት ቀጠሉ። ማንም ማንንም አላየም።

ያኔ ገባኝ። ነገሩ ያለው አነሳሱ ላይ ሳይሆን አቀማመጡ ላይ ነው። የሚጠብቅ ሰው ሲነሳ አያውቀውም፤ ሲቀመጥ ግን ያውቀዋል፣ ያፍራል፣ እጁን በሆነ ነገር ያስይዛል። እሷም ስትቀመጥ ቀሚሷን ታስተካክል ነበር፤ እኔ ያንን ለውበት ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ወደ ራሴ ሳይ የእኔም እጅ ወለሉ ላይ ነበር።

በማግስቱ መርማሪው «ጀምር» አለኝ።

«በትእዛዝ አይመጣም» አልኩት። «ሌላ ጥያቄ ይጠይቁኝ፤ ሲመጣ ያዩታል።»

ተናደደ፤ ግን ጠየቀኝ። የት ተወለድክ፣ የት ተማርክ፣ ማን ያውቅሃል። እየመለስኩ ሳለ ግቢው ውስጥ መኪና ገብቶ ቆመ። ቤተሰቤ ይሆን፣ የሚያዛውሩኝ ይሆን፣ ወይስ እሷን ይዘዋት መጡ? እሷን ያሰብኩ ይመስለኛል። ተነስቼ ነበር። የመኪናው በር ተዘጋ፣ የማላውቀው ሰው ድምፅ ተሰማ፤ ተቀመጥኩና የሱሪዬን ጉልበት አስተካከልኩ። ትወና ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ ለራሴ መመለስ አልቻልኩም።

መርማሪው ለረጅም ጊዜ አየኝ። ቪዲዮውን ከፍቶ እሷን አየ፤ ደግሞ እኔን። ከዚያ ጻፈና አነበበልኝ፤ እንቅስቃሴውን ያዘጋጀውና ለተዋናይዋ ያስጠናው ደራሲው ራሱ መሆኑን ገልጿል የሚል ነው።

«ይሄ ለአንተ ጥሩ አይደለም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይገባሃል?»

«ይገባኛል። ግን ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር ይጨመርልኝ።»

«ምን?»

«ተውኔቱ ኮሜዲ ነው የሚል።»

የሚስቅ መስሎኝ ነበር። ሳይስቅ ጨመረው። ፈረምኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቆየሁ፤ እሷን ግን አልጠሯትም። ሐጂን እዚያው ትቻቸው ነው የወጣሁት፤ ስሜ ሲጠራ ከኔ በፊት የተነሱት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ጨብጠውኝ «ለሚስትየዋ ሰላም በልልኝ» አሉኝ። የትኛዋን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። በኋላ ወደ ነገሌ መመለሳቸውን ሰማሁ።

ከወጣሁ በኋላ ልብስ ሰፊዋ ልጇን ይዛ ቤቴ መጣች። ልጅቱ መራመድ ጀምራለች።

«ጋሼ፣ ‹መነሳቷን እኔ ነኝ ያስጠናኋት› ብለዋል አሉ።»

«ብያለሁ።»

«እኔ እኮ ስነሳ አላውቀውም ነበር። እርስዎ ያዢው ሲሉኝ ነው ያወቅኩት።» ልጇን ከጠረጴዛው ሥር አወጣቻት። «ከዚያ በኋላ መድረክ ላይ ስሠራው ትንሽ ይቀለኝ ነበር።»

ተውኔቱን ድጋሚ ማሳየት ብንችል ትሠሪያለሽ ወይ አልኳት።

«እሠራለሁ። ግን ጋሼ፣ ከሁለተኛው ትዕይንት እንጀምር። የመጀመሪያውንማ ቤቴ በየምሽቱ እሠራዋለሁ።»

አሁን እንደዚያ ነው የምናሳየው፤ ደብረ ዘይትም፣ መቂም፣ አንዳንድ ትምህርት ቤቶችም። ዛሬ ስለ መነሳቷ የሚጠይቃት ስለሌለ «ይጻፉት» ብላኛለች፤ ያቺ መነሳት የእሷ ናት። ባሏ እስካሁን አልመጣም። መጋረጃው ሲከፈት ባልየው ያለ አማቱ በር ላይ ቆሟል። እንደ ሙያው ከሆነ ሥራው ጎደሎ ነው። ተመልካቹ ሳይጨነቅ ስለሚጀምር ሳቁም ከግማሽ አያልፍም፤ ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።

የሚስት የመጀመሪያ ቃል «የት ነበርክ?» የሚል ነው። በቁጣና በፍጥነት መባል አለበት፤ ሳቁ የሚመጣው ከፍጥነቱ ነው። እሷ ግን ከመናገሯ በፊት በሩ ላይ የቆመውን ሰው ዝም ብላ ታየዋለች። አዲስ የገቡት ልጆች ይህን ያያሉ፤ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ትዘገያለች፣ ለምን አያርሟትም?» ይሉኛል። ጊዜዋን ትውሰድ እላቸዋለሁ።